ኳሱ ከመድረሱ በፊት፦ የታዳጊ አጥቂን ተስፋ መመዘን በዲላና በጌዴኦ

ዲላ ውስጥ ስለ አጥቂ ጨዋታ ከተነሳ የጌታነህ ከበደ ስም መነሳቱ አይቀርም። በዚችው ከተማ የተወለደው ጌታነህ፣ ደደቢት እ.ኤ.አ. በ2012/13 የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲረታ የአቻነቷን ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ወደ ጆሃንስበርጉ ቢድቬስት ዊትስ አቀና። ወደ ደደቢት ተመልሶም በ2016/17 በ25 ግብ ዳግም የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በጥር 2022 ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ስንለያይ ፍጹም ቅጣት ምቱን ከመረብ ያገናኘው አሁንም ጌታነህ ነው። ከደደቢቱ ዋንጫ እስከዚህች ግብ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው።

የሚከብደው ጥያቄ ወደ ኋላ ሲኬድ ይመጣል። ዛሬ ዲላ ወይም ይርጋ ጨፌ ሜዳ ላይ የሚሮጥ የ14 ዓመት አጥቂ ይህን ያህል ርቀት ይሄድ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በአሰልጣኞች ዘንድ መልሱ ብዙውን ጊዜ «ዓይን ያውቃል» የሚል ነው። ዓይን ያውቃል፤ ነገር ግን ዓይን የሚታለልባቸው ቦታዎች ተለይተው የታወቁ ናቸው፤ በጌዴኦ ደግሞ ከሌላው አገር የባሰ የሚያታልሉ አሉ። ይህ ዳሰሳ በእነሱ ላይ ይቆያል።

የታዳጊ አጥቂን መጻኢ ዕድል በመተንበይ በኩል የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ላይ ሆኪን ያህል የደከመ ስፖርት ጥቂት ነው። በካናዳ፣ በስዊድንና በፊንላንድ አንድ የ17 ዓመት አጥቂ ያስቆጠረው ግብ፣ ያቀበለው ኳስ፣ ሜዳ ላይ የቆየበት ደቂቃ ሁሉ ይመዘገባል፤ የሚጫወትበት ሊግ ከሌላው ሊግ አንጻር ምን ያህል እንደሚከብድም ይሰላል። ያም ሆኖ ይሳሳታሉ። የሰሜን አሜሪካው ሊግ ክለቦች ታዳጊዎችን በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1993 በመጀመሪያነት የተመረጠው አሌክሳንደር ዴግል የተጠበቀውን ያህል ሳይሆን ቀረ፤ በ1998 ደግሞ 170 ልጆች ቀድመውት የተመረጡት ሩሲያዊው ፓቬል ዳትሱክ ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። ይህን ሁሉ መዝገብ የያዙት እንዲህ ከተሳሳቱ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በሚደረግ ሙከራ የልጅን ዕጣ የምንወስን እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን መገመት አይከብድም።

ከጨዋታው ልጀምር። አንድ ማጥቃት በዓይነ ኅሊና እንይ። ኳሱ በቀኝ መስመር እየሄደ ነው፤ መሐል ላይ ሁለት ታዳጊ አጥቂዎች አሉ። የመጀመሪያው ኳሱን ብቻ እያየ ወደ ግቡ በቀጥታ ይሮጣል። ሁለተኛው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አንዴ በግራ ትከሻው፣ አንዴ በቀኙ ዞር ብሎ ያያል። ተከላካዩ ዓይኑን ወደ ኳሱ ሲያዞር ከጀርባው ይሰወራል፤ ኳሱ ሊሻማ ሲል በሁለት አጫጭር እርምጃ ከፊቱ ይገባል። የተሻማው ኳስ ግን ይረዝምና ከሜዳ ይወጣል። በውጤት ወረቀት ላይ ምንም አይጻፍም፤ ተመልካቹም የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ልጅ ሩጫ ነው። እኔ ግን ሁለተኛውን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሼ ማየት እፈልጋለሁ። ኖርዌጂያዊው ጌይር ዮርዴት ተጫዋቾች ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ዙሪያቸውን የሚቃኙበትን ልማድ ለዓመታት አጥንቷል፤ አዘውትረው የሚቃኙት ኳሱን በተሻለ እንደሚጠቀሙበትም አሳይቷል። ይህን ለማየት ካሜራ አያስፈልግም። ዓይንን ለአምስት ደቂቃ ከኳሱ ነቅሎ አንድ ልጅ ላይ መትከል ይበቃል። በምልመላ ቀን ግን ይህን የሚያደርግ ሰው እምብዛም አይታይም።

የመጀመሪያ ንክኪ ላይ የጌዴኦ ምድር የራሱን ችግር ይጨምራል። ዞኑ ተራራማ ነው፤ ከአገራችን የገጠር አካባቢዎች ሕዝብ በብዛት ሰፍሮ ከሚኖርባቸውም አንዱ ነው። ለጥ ያለ መሬት ከተገኘ እንሰትና ቡና ይዞታል፤ ይህ የእርሻ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ብዙው ልጅ የሚያድገው ባጋደለ፣ ድንጋይ በበዛበት፣ ሲዘንብ ቀይ ጭቃ በሚሆን ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ላይ ኳስ ከእግር ነጠር ብላ ስታመልጥ «ንክኪው መጥፎ ነው» ብሎ መጻፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ኳሱ ሳይደርስ ልጁ ሰውነቱን ወዴት እንዳዞረ፣ የትኛውን እግሩን እንዳዘጋጀ፣ ኳሱ ሲነጥርበት በምን ፍጥነት እንደደረሰበት ማየት የበለጠ ይናገራል። እንዲያውም በእንዲህ ያለ ሜዳ ያደገ ልጅ ደልዳላ ሣር ላይ ሲወጣ ንክኪው በሳምንታት ውስጥ ሊስተካከል ይችላል፤ ለመፍረድ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ግብ መቁጠርስ? መቁጠር ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ግብ ብቻውን የሚያሳስት ቁጥር ነው። አንድ ልጅ በስምንት ጨዋታ አሥር ግብ ካገባ፣ ከአሥሩ ስንቱ ፍጹም ቅጣት ምት እንደሆነ፣ ስንቱ በረኛው ከወጣበት ባዶ ግብ ላይ እንደተቆጠረ፣ ስንት ዕድል አግኝቶ አሥሩን እንዳገኘ ካልታወቀ ምንም አልታወቀም። ዛሬ በትልልቅ ሊጎች የሚሠራበት «የሚጠበቅ ግብ» የሚባለው ስሌት መነሻው ይህ ነው፤ ፍጹም ቅጣት ምት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ይገባል፣ ከሩቅ የሚመታ ኳስ ግን ከብዙው አንዱ ነው። አጥቂን ለረጅም ጊዜ የሚያኖረው ተደጋግሞ ጥሩ ቦታ ላይ መገኘቱ ነው። መጨረስ ወጣ ገባ ይላል፤ ቦታ የማግኘት ጥበብ ግን ከዓመት ዓመት አይጠፋም። የውድድሩ ደረጃም ይታይ፤ በትምህርት ቤቶች ውድድር የገባ ግብ፣ በዞን ሻምፒዮና የገባ ግብና በከፍተኛ ሊግ የገባ ግብ እኩል አይመዘኑም።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ላይ ደረስኩ፤ ዕድሜና አካል።

በአገራችን መደበኛ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለዱ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ የገጠር ልጆች የልደት ቀን ማለት ወላጅ የሚያስታውሰው ወቅት ነው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የወንዶች ዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ይጠቀማል፤ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽንም ይሠራበታል። ምርመራው ልጁ ከዕድሜ ጣሪያው ማለፍ አለማለፉን ይጠቁማል እንጂ 13 ወይም 15 ዓመቱ መሆኑን አይነግርም። በዲላ ሜዳ ላይ ያለውን ችግር አይፈታም።

ችግሩ በማጭበርበር ብቻ አይመጣም። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮጀር ባርንስሊ እ.ኤ.አ. በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ በአገሩ ታዳጊ የሆኪ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ከልክ በላይ መብዛታቸውን አሳየ። የዕድሜ መቁረጫው ጃንዋሪ 1 ስለነበረ፣ በጃንዋሪ የተወለደ ልጅ በዲሴምበር ከተወለደው በአንድ ዓመት ገደማ ይበልጥ ነበር፤ መልማዮቹ ትልቁን ልጅ ጎበዝ እያሉ መረጡ። እግር ኳስም በዚሁ ቀን ይቆርጣል። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመጣ መቁረጫው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ይውላል። ስለዚህ በጥርና በየካቲት የተወለደ ልጅ ከምድቡ ታላቅ ነው፤ በመስከረምና በኅዳር የተወለደው ከታናሾቹ ይመደባል። «አላደገም» ተብሎ የሚመለሰው ልጅ የዘጠኝ ወር ታናሽ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።

ከልደት ቀንም በላይ የአካል ዕድገት ይለያያል። ወንዶች ቁመት በፍጥነት የሚጨምሩት በአማካይ በ14 ዓመት አካባቢ ነው፤ ሴቶች ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። አንዱ በ12 ዓመቱ ይጀምራል፣ ሌላው እስከ 16 ይዘገያል። ቀድሞ ያደገው ተከላካዩን በትከሻው ገፍቶ ያገባል፤ የዘገየው መሸሽ፣ መሰወር፣ ቀድሞ ማሰብ ይማራል። በ18 ዓመታቸው ቁመታቸው ሲቀራረብ የመጀመሪያው ትከሻው ብቻ ይቀርበታል። በዚህ መሐል ሌላ ነገር አለ፤ ልጁ ቁመት በሚጨምርበት ዓመት እግሩ ይረዝምበታል፣ ሚዛኑ ይዛባል፣ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት ያመዋል። አምና እንደ ልቡ የነበረ ልጅ ዘንድሮ ሲንገዳገድ የሚታየው ለዚህ ነው። አሰልጣኙ «ወረደ» ብሎ ያስወጣዋል። በእኔ እምነት ከየትኛውም ጥፋት ይልቅ ተሰጥኦ የሚያባክነው ይህ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ደብተር። በየሦስት ወሩ የቆመበትንም የተቀመጠበትንም ቁመት መለካት፣ የእናትና የአባቱን ቁመት መጠየቅ። በሦስት ወር ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር የጨመረ ልጅ ፈጣን ዕድገት ላይ ነው፤ የሩጫ ጫናው ይቀነስለታል፣ ፍርድም ይዘገይለታል። የእንግሊዝ ክለቦች ታዳጊዎችን አልፎ አልፎ በልደት ዓመት ሳይሆን በአካል ብስለት ደረጃ ከፋፍለው ያጫውታሉ። ይህን የፕሮጀክት ሰልጣኞች ያሉት ማንኛውም የዞኑ አሰልጣኝ በወር አንድ ቅዳሜ ሊያደርገው ይችላል።

የኑሮው ሁኔታም ከምዘናው ውጭ አይደለም። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥና ጥር ይዘልቃል፤ የውድድር ዓመቱ የሚከፈተውም በዚያው ሰሞን ነው። የወናጎ ወይም የኮቸሬ ልጅ ለሦስት ሳምንት ከልምምድ ከቀረ «ዲሲፕሊን የለውም» ከመባሉ በፊት የት እንደነበር ይጠየቅ። ቤተሰቡን እያገዘ ከሆነ፣ ይህ ስለ ባሕርዩ የሚናገረው መልካም ነገር ነው። ምግብም እንዲሁ። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው። ጥራጥሬ፣ ወተትና እንቁላል ከጎኑ ያላገኘ ልጅ በልምምድ መጨረሻ ቢደክም ሳምባው ደካማ ነው ማለት አይደለም። ከቡሌ ደጋ ወርዶ የሚጫወት ልጅና የዲላ ልጅ በሚኖሩበት ከፍታ ስለሚለያዩ የትንፋሽ ፈተና ላይ እኩል አይነሱም።

ስለ ሴቶች ልዩ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ከተማዋ ጌዴኦ ዲላ የሚባል፣ በሴቶች ፕሪምየር ሊግ የተጫወተ ክለብ አፍርታለች። ለአንዲት የዞኑ ታዳጊ አጥቂ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ወንድሟ ከፍ ወዳለ ደረጃ ለመድረስ አገር ሲያቋርጥ እሷ በከተማዋ በዋናው ሊግ የተጫወቱ ሴቶችን በቅርብ አይታ ልታድግ ትችላለች። የመንገዱ ርዝመት ደግሞ በሎዛ አበራ ታይቷል፤ ከዱራሜ ተነስታ በሐዋሳ ከተማና በደደቢት በኩል ስዊድንና ማልታ ደረሰች፣ ከንግድ ባንክ በኋላም በ2024 ለአሜሪካው ዲሲ ፓወር ፈረመች። ሴት ልጅን በመመዘን ጊዜ ሁለት ነገር ይለያል። ዕድገቷ ቀድሞ ስለሚመጣ በ12 ዓመቷ ጎልታ የታየች ልጅ በ16 ከጓደኞቿ እኩል ልትሆን ትችላለች፤ የጉልበት ጅማት መበጠስ ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ ስለዚህ ከዝላይ በኋላ እንዴት እንደምታርፍና እንዴት እንደምትዞር ከግቦቿ እኩል መታየት አለበት።

ሥነ ልቦናን በአጭሩ ላንሳ። አጥቂ ከሚያገባው ይልቅ የሚስተው ይበዛል፤ ከሳተ በኋላ ባሉት ሁለት ደቂቃዎች ኳስ ይጠይቃል ወይስ ይደበቃል? የተነገረውን እርማት በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳ ላይ ይሞክረዋል? ከዚህ የበለጠ የተወሳሰበ መጠይቅ ለዚህ ዕድሜ አያስፈልግም። ጉዳትን የሚተነብይ ግን ማንም የለም። አቡበከር ናስር በ2020/21 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ በ2022 ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ያልተደሰተ አልነበረም፤ ጉዳት ግን መንገዱን ከበደበት። የልጁ ትምህርት እንዳይቋረጥ የምሟገተው ለዚህም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ኳስና ትምህርትን ማስኬድ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የመጨረሻው ነጥብ ገንዘብ ነው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በዓለም አቀፍ ዝውውር ሲሸጥ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ የውድድር ዓመት ሩብ በመቶ፣ ከ16 ጀምሮ ግማሽ በመቶ። አንድ የዲላ ልጅ በ400 ሺህ ዶላር ቢሸጥ፣ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ያሠለጠነው ክለብ 4 ሺህ ዶላር ይገባዋል ማለት ነው፤ ይህ ለአንድ የታዳጊ ቡድን ኳስ፣ ማሊያና ትራንስፖርት ነው። ክፍያው ከ2022 ጀምሮ የሚተላለፈው በፊፋ ክሊሪንግ ሐውስ በኩል ሲሆን፣ የሚመሠረተውም በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ ባለው የተጫዋቹ ፓስፖርት ነው። ልጁ በ12 ዓመቱ፣ በትክክለኛ የልደት ቀኑ፣ በታወቀ ክለብ ስም ካልተመዘገበ ያሠለጠነው ሰው የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። ምዘናውም ክፍያውም የሚጠይቁት ያንኑ ደብተር ነው፤ የዞኑ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና የየወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ዘንድሮ ከ12 ዓመት ልጆች ጀምረው ቢከፍቱት የመጀመሪያው ሙሉ መዝገብ ከስድስት ዓመት በኋላ እጃቸው ላይ ይሆናል።