የዴንማርክ የቅቤ ብስኩት ለባልና ሚስት

ያን ሰማያዊ ክብ ቆርቆሮ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ይዞት ይመጣል፤ አለዚያም ለበዓል ከሱፐርማርኬት ይገዛል። ብስኩቱ በሁለትና በሦስት ቀን ያልቃል፤ ቆርቆሮው ግን ለዓመታት ይቀመጣል። መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍና መቀስ ይገባበታል። ብስኩት አገኛለሁ ብሎ ክዳኑን ሲከፍት የክር ጥቅልል የጠበቀው ልጅ ስንት ይሆን? ይህ ደግሞ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በብዙ የዓለም ክፍሎች ያው ቆርቆሮ የስፌት ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ይገኛል።

ለመሆኑ ይህን ብስኩት በቤታችን መጋገር እንችላለን? አዎን፣ እንችላለን። የሚያስፈልገው ስድስት ነገር ብቻ ነው። ሆኖም ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሣ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላ የመጣች፣ ወጥ የምትሠራ፣ ልጆች አጥባ የምታስተኛ ሚስት ላይ ደግሞ “ብስኩት ጋግሪልን” ብለን ብንጨምርባት ምን ጠቀምናት? በድካሟ ላይ ሌላ ድካም መጨመር ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእኅቶች ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። “ወንድ ማጀት ምን አለው?” እየተባለ ያደገ ወንድምም እስከ መጨረሻው እንዲያነብበው እንጋብዛለን።

ከባልና ሚስት ዳቦ ቤት የወጣ ስም

የዚህ ብስኩት ታሪክ ራሱ ከባልና ሚስት ጋር የተያያዘ ነው። በ1933 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አና እና ማሪኑስ ኬልሰን የተባሉ ባልና ሚስት ኖረ ስነዴ በተባለች የዴንማርክ ከተማ አነስተኛ ዳቦ ቤት ከፈቱ። የቤተሰብ ስማቸው ከጊዜ በኋላ በዓለም ገበያ የታወቀ የቅቤ ብስኩት መጠሪያ ሆነ። በሰማያዊው ቆርቆሮ የምናውቀው “ሮያል ዳንስክ” የተጀመረው ደግሞ በ1966 ነው። በኋላ ሁለቱ ስሞች በአንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃልለዋል።

ግን ከአገር ሁሉ ዴንማርክ በቅቤ እንዴት ታወቀች? በ1870ዎቹ ከአሜሪካና ከሩሲያ ርካሽ እህል ወደ አውሮፓ ገበያ ይጎርፍ ጀመር። እህል በመሸጥ ይኖሩ የነበሩ የዴንማርክ ገበሬዎች ተቸገሩ። በመሆኑም ፊታቸውን ወደ ከብት እርባታ አዞሩ። በዚያው ዘመን ክሬምን ከወተት በፍጥነት የሚለይ የሚሽከረከር መሣሪያ ተሠራ። በ1882 የዬዲንግ መንደር ገበሬዎች ወተታቸውን በአንድ ላይ ሰብስበው የሚያቀነባብሩበትን የመጀመሪያውን የኅብረት ሥራ ወተት ቤት አቋቋሙ። የእነዚህ ማኅበራት ደንብ ልብ የሚነካ ነው፦ ድምፅ የሚሰጠው በላም ቁጥር ሳይሆን በሰው ቁጥር ነበር። አንዲት ላም ያለውና ሃያ ላም ያለው እኩል አንድ አንድ ድምፅ ነበራቸው። በዚህ መንገድ የተመረተው ቅቤ በብዛት ለእንግሊዝ ይሸጥ ነበር። የሚያስገርመው ቅቤውን የሚያመርተው ገበሬ ራሱ ብዙ ጊዜ ዳቦውን የሚቀባው ርካሹን ማርጋሪን መሆኑ ነው።

በዴንማርክ ቤቶች ብስኩት መጋገር የተስፋፋው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብሰያና መጋገሪያ ያለው የብረት ምድጃ በየቤቱ ከገባ በኋላ ነው። እስከ ዛሬም የገና ሰሞን ሲደርስ፣ በታኅሣሥ ወር፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ልዩ ልዩ ብስኩት ይጋግራል። ከእነዚህ አንዱ የቀለበት ቅርጽ ያለውና ቫኒላ የሚሸተው “ቫኒልየክራንሰ” ነው። ብዙ ቤተሰቦች ይህን የሚሠሩት በእጅ በሚዞር የሥጋ መፍጫ ነው። በመፍጫው አፍ ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ማውጫ ይገጠምና አንዱ ሲያዞር ሌላው እንደ ገመድ የሚወጣውን ሊጥ ተቀብሎ በቀለበት መልክ ያጥፈዋል። ልብ በሉ፣ ሁለት ሰው ሲሆን ሥራው ይቀልላል።

ቅቤ ወይስ ማርጋሪን?

የብስኩቱ ጣዕም ያለው በቅቤው ላይ ነው። ማርማላታ ወይም ክሬም ስለማይገባበት ቅቤው መጥፎ ከሆነ የሚሸፍነው ነገር የለም። የሚመረጠው ጨው ያልገባበት የገበታ ቅቤ ነው። የእኛ የአገር ቤት ቅቤ ከእርጎ ስለሚናጥ ጠንከር ያለ መዓዛ አለው። የተነጠረው ደግሞ ቅመም ስላለበትና ውኃው ስለወጣ ለዚህ ብስኩት አይሆንም፤ ለወጣችን እናቆየው።

የገበታ ቅቤ ዋጋው ከበድ ስለሚል ብዙዎች ማርጋሪን ይጠቀማሉ። ማርጋሪን ስትገዙ ግን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዘይትን በፋብሪካ በከፊል ሃይድሮጂን ጨምሮ በማርጋት የሚፈጠረው “ትራንስ ፋት” የተባለው ቅባት ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ በጥናት ተረጋግጧል። ዴንማርክ በ2003 የዚህን ቅባት መጠን በሕግ በመገደብ ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2018 አገሮች ሁሉ ከምግባቸው እንዲያስወግዱት ጥሪ አቅርቧል። ቅቤም ቢሆን በልክ ሲበላ ነው መልካም የሚሆነው። በየሳምንቱ ከመጋገር ይልቅ በወር አንድ ቀን በእውነተኛ ቅቤ መጋገር ለጤናም ለኪስም ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• 200 ግራም የገበታ ቅቤ
• 100 ግራም የላመ ስኳር (ከሌለ ተራውን ስኳር በሙቀጫ ወይም በመፍጫ ማላም ይቻላል)
• 1 የእንቁላል አስኳል
• 250 ግራም የተነፋ ፊኖ ዱቄት
• 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ
• ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው

አሠራር

1. ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ አለስልሱት። ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ እንጂ የቀለጠ መሆን የለበትም። በእሳት ማቅለጥ አይገባም።

2. ቅቤውን፣ ስኳሩንና ጨውን ነጣ ነጣ እስኪልና እስኪቀልል ድረስ በእንጨት ማንኪያ ምቱት። ይህ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ክንድም ያደክማል። ስለዚህ ለባል የሚሆን ሥራ ነው! በብስኩቱ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደር ስለሌለ የሚያቀልለው በዚህ ጊዜ የሚገባው አየር ነው።

3. አስኳሉንና ቫኒላውን ጨምራችሁ አዋሕዱ። ቀጥሎ ዱቄቱን ጨምሩና ሊጡ እስኪያያዝ ድረስ ብቻ አደባልቁት። እንደ ዳቦ ሊጥ አይታሽም። ሲታሽ የዱቄቱ ጅማት ይጠነክርና ብስኩቱ ይደርቃል።

4. ሊጡን በሁለት ከፍላችሁ እንደ ዱላ አድቦልቡሉት። ውፍረቱ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት።

5. ኦቨኑን በ170 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አሙቁ። ሊጡን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው በስለታም ቢላዋ ቁረጡና ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ አራርቃችሁ ደርድሩ። የተቆረጠውን ጠርዝ በሻካራ ስኳር ላይ ማንከባለል ለልጆች የሚሰጥ ሥራ ነው።

6. ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ጋግሩት። ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን መሐሉ ገና ነጣ እንዳለ ይወጣል። ሲወጣ ለስላሳ ነውና “አልበሰለም” ብላችሁ እንዳትመልሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

የቀለበት ቅርጽ የሚፈልግ ሰው ሊጡ ላይ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሮ ሳያቀዘቅዝ በክሬም መጭመቂያ ማውጣት ይችላል። ከዚያ ትሪውን እንዳለ ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ማስገባት ነው። ብስኩቱ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ይቀመጥ፤ ትኩሱን ከከደኑት በእንፋሎቱ ይለሰልሳል። በደረቅ ቦታ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ያ ሰማያዊ ቆርቆሮ አሁን ክሩን አውጥቶ ቢታጠብ ይጠቅማል።

ለምን ተበላሸ?

ብስኩቱ ተዘርግቶ ቅርጹ ከጠፋ ቅቤው ቀልጦ ነበር ወይም ሊጡ በቂ ጊዜ አልቀዘቀዘም ማለት ነው። ሊጡ ቀዝቃዛ ሲሆን ቅቤው ከመቅለጡ በፊት ጠርዙ መያዝ ይጀምራል። ብስኩቱ ጠንክሮ ጥርስ የሚሰብር ከሆነ ወይ ዱቄቱ በዝቷል ወይ ታሽቷል። ዱቄት በስኒ ስንለካ ጠቅጥቀን ስለምንሞላ ይበዛብናል፤ ሚዛን ካለ በሚዛን ይለካ። ከሥሩ ከተቃጠለ ትሪው ወደ ታችኛው እሳት ቀርቧል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ኬክ ሲጋገር የሚያጋጥመው ተነሥቶ የመውደቅ ችግር ግን እዚህ አያሰጋም፤ የሚነፋ ነገር የለበትምና። የተጠቀለለው ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

ሊጡ ሲቀዘቅዝ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ በሚቆይበት በዚያ አንድ ሰዓት ምን ይደረጋል? ብዙ ባለትዳሮች ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ጊዜ አጣን ይላሉ። “ና፣ ቁጭ በልና እንነጋገር” ሲባል ደግሞ የፍርድ ሸንጎ የተጠራ ይመስል አንዱ ይፈራል፣ ሌላው ይቆጣል። እጅ ሥራ ሲይዝ ግን አፍ ይፈታል። እርሱ ዕቃ ሲያጥብ፣ እርሷ ትሪውን ስታዘጋጅ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ከሳምንት በፊት ስላስከፋ አንድ ቃል ሳይቀር በቀስታ ማንሣት ይቀልላል። አዎን፣ ዕቃውን የሚያጥበው እርሱ ነው! ማጀት ገብቶ አንድ ነገር ነካክቶ የተቆለለ ዕቃ ትቶ የሚወጣ ባል አገዘ አይባልም።

ሚስትም ብትሆን በዚያ ቀን ባሏ የቆረጠው ብስኩት አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ቢሆን ስቃ ትለፈው። “እንዲህ አይደለም፣ ተወው እኔው ልሥራው” ያለች ቀን የሚቀጥለው ወር ብቻዋን መጋገሯ አይቀርም። ቅርጹ ባያምርም ይበላል።

ከተጋገረው ጥቂቱን ለጎረቤት መላክ ደግሞ ያገራችን ወግ ነው። ነገር ግን ቀኑን እናስተውል። ቅቤና እንቁላል ያለበት ስለሆነ በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ወራት ለኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ወይም ዘመዳችን ብናቀርብ ማስጨነቅ ይሆናል። ሲፈታ፣ ለፋሲካ ወይም ለገና ብንልክ ግን ስጦታውም አክብሮቱም አብሮ ይደርሳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለም ሳንጫን እናቅርብ።

እንግዲህ ውድ ባለትዳሮች፣ በዚህ ወር ልጆቹ ቤት የሚውሉበትን አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ምረጡ። ቅቤውን ጠዋት ከፍሪጅ ማውጣት አትርሱ። የማንኪያው ተራ የማን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። መልካም የቤተሰብ ጊዜ ይሁንላችሁ!