አራት መቶ ሁለት ሜትር፦ የአንድ እሽቅድምድመኛ ሕይወትና የፊዚክስ ሕግጋት

ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው የሰፈር ስም የዚያ ዘመን ማስታወሻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 የተባሉትን የጄት አውሮፕላኖች ሊያስመጣ ሲነሣ የልደታ ማኮብኮቢያ አጭር ሆኖ ተገኘ። በዚህም ምክንያት አዲስ ማረፊያ በቦሌ ተሠርቶ ማኮብኮቢያውና የመቆጣጠሪያ ማማው በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ) ለአገልግሎት በቁ።

ከዚህ ውሳኔ በስተጀርባ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ነበር፤ ከቆመበት የተነሣ አካል በተወሰነ ርቀት ውስጥ ምን ያህል ፍጥነት ሊያገኝ ይችላል? ይህን ጥያቄ የዕለት እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። እነርሱም «ድራግ ሬስ» በሚባለው የቀጥታ መስመር የመኪና እሽቅድምድም የሚተዳደሩ አሽከርካሪዎች ናቸው። ሙያው ራሱ ከማኮብኮቢያ ጋር ዝምድና አለው። በአሜሪካ ተመልካችን አስከፍለው ካወዳደሩት ቀደምት ቦታዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በካሊፎርኒያ ሳንታ አና የተከፈተው፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ከሙያው አንጋፋዎች አንዱ የሆነውን የዶን ጋርሊትስን ሕይወት እየተከተልን፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ለምናሽከረክር ሰዎች ምን እንደሚያስተምረን እንመለከታለን።

የሰበቃ ጣሪያ

የውድድሩ ሥርዓት ቀላል ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው መብራት ይጠብቃሉ፤ አረንጓዴው ሲበራ ይፈተለካሉ፤ 402 ሜትር የሚሆነውን ሩብ ማይል ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ኩርባ የለም፤ መቅደም መቀደም ብሎ ነገር የለም። የአንድ ቀን ሥራ በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል።

ጋርሊትስ እ.ኤ.አ. በ1932 በፍሎሪዳ ተወለደ። «ስዋምፕ ራት» ማለትም «የረግረግ አይጥ» የሚል ስም የሰጣቸውን መኪኖች በተከታታይ ቁጥር እየሰየመ ራሱ ይሠራ፣ ራሱ ይነዳ ነበር። በዚያ ዘመን የሙያው ሰው መካኒክም፣ ነጋዴም፣ አሽከርካሪም ነበር፤ መኪናውን ከኋላ ጎትቶ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል፤ ገቢውም የሽልማትና ለመገኘቱ የሚከፈለው ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። መኪናን ወደፊት የሚገፋው በመጨረሻ ሞተሩ ሳይሆን በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። የሰበቃው ቁጥር 1 ነው ብንል፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ የመኪናው የፍጥነት ጭማሪ ከመሬት ስበት፣ ማለትም በየሰከንዱ ከ9.8 ሜትር በሰከንድ፣ ሊበልጥ አይችልም። በዚህ ልክ 402 ሜትር ለመጨረስ 9 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል፤ በመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ፍጥነትም 320 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ጋርሊትስ ርቀቱን በ7.78 ሰከንድ ጨርሶ 324 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተመዘገበለት። አማካይ የፍጥነት ጭማሪው ከመሬት ስበት ይበልጣል ማለት ነው። ታዲያ ሕጉ ተሻረን? አልተሻረም። የሰበቃ ቁጥር ከ1 አይበልጥም የሚል የተፈጥሮ ሕግ የለም። ለስላሳ ጎማ ሲሞቅ ከመንገዱ ጥቃቅን ጎርባጣዎች ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል። ተወዳዳሪዎች ከመነሣታቸው በፊት ጎማቸውን ባለበት አሽከርክረው የሚያጨሱት ለትርዒት ብቻ ሳይሆን ለዚህ ነው። በኋላ ዘመን የተጨመረው የኋላ ክንፍም አየሩን ተጠቅሞ ጎማውን ወደ መሬት ይጫነዋል።

በአካል የተከፈለ ትምህርት

የዚህ ዕውቀት ዋጋ ግን በገንዘብ ብቻ አልተከፈለም። እ.ኤ.አ. በ1959 በሳውዝ ካሮላይና ሞተሩ ፈንድቶ ጋርሊትስን ክፉኛ አቃጠለው። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በካሊፎርኒያ ካምቢዮው ፈንድቶ የቀኝ እግሩን ጫፍ ቆረጠው። በጊዜው አሽከርካሪው የሚቀመጠው ከሞተሩ በስተኋላ፣ እግሮቹን በካምቢዮው ግራና ቀኝ አድርጎ ነበር። የሚፈነዳ፣ የሚነድና የሚበተን ነገር ሁሉ የሚያገኘው በቅድሚያ እርሱን ነው።

ጋርሊትስ ሕክምና ላይ ሳለ የደረሰበት መደምደሚያ ሞተሩን ከአሽከርካሪው ኋላ ማድረግ የሚል ነበር። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የተሞከሩት መኪኖች ግን ቀጥ ብለው መሄድ አቅቷቸው ነበር። ከመፍትሔዎቹ ዋነኛው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ መሪውን ማዘግየት። መሪው ብዙ ሲዞር የፊት ጎማዎች ጥቂት ብቻ እንዲታጠፉ ሲደረግ መኪናው ረጋ። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ፣ አሽከርካሪው ትንሹን መዛባት ከልክ በላይ ሲያርም እርማቱ ራሱ የባሰ መዛባት ይፈጥር ነበር። በአዲሱ መኪና ጋርሊትስ እ.ኤ.አ. በ1971 ታላቅ ውድድር አሸነፈ፤ ሌሎቹም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሉት።

ትምህርቱ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2008 ስኮት ካሊታ የተባለው ተወዳዳሪ በኒው ጀርሲ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ፣ የፈጣኖቹ መኪኖች ርቀት ከ402 ወደ 305 ሜትር ዝቅ እንዲል ተደረገ። ለማቆሚያ የሚሆን ተጨማሪ ስፍራ ተገኘ ማለት ነው። ሆኖም በዚህ አጭር ርቀት እንኳ ዛሬ ከ540 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ይመዘገባል።

አየሩ በሳሳበት ከፍታ

እንዲህ ያለ መኪና ወደ ልደታ ቢመጣ ምን ይገጥመው ይሆን? በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል ያንሳል። ሞተር ነዳጁን የሚያነደው በኦክስጅን ነውና፣ አየርን በራሱ የሚስብ ተራ ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። አውሮፕላን በከፍተኛ ቦታ ረጅም ማኮብኮቢያ የሚፈልግበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉም አካሉን ለማንሣት ከፍ ያለ ፍጥነት ይጠይቃል።

የእሽቅድምድም ሰዎች ችግሩን በከፊል በኬሚስትሪ ፈትተውታል። ፈጣኖቹ መኪኖች የሚጠጡት ናይትሮሜቴን ኦክስጅንን በራሱ ሞለኪውል ውስጥ ይዞ ይመጣል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በአግባቡ ለመንደድ 14.7 ኪሎ ግራም አየር ሲፈልግ፣ ናይትሮሜቴን 1.7 ኪሎ ግራም ይበቃዋል። በክብደት ሲመዘን ናይትሮሜቴን የሚሰጠው ጉልበት ከቤንዚን ሩብ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ለአንድ ኪሎ ግራም አየር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ይሰጣል።

ከዚህም የላቀ መፍትሔ ግን አየርን ጨርሶ የማይፈልግ ሞተር ነው። ጋርሊትስ በ82 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በኤሌክትሪክ መኪና 296 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነዳ። በ87 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ወደ 304 ከፍ አደረገው። በነዳጅ ጢስ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ ሰው በመጨረሻ ጢስ አልባ መኪና ላይ መውጣቱ ለእኛም መልእክት አለው።

ወደ መንገዳችን

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ ሞተር የከተማችን ከፍታ አያደክመውም፤ ኃይሉንም ገና ከመነሻው ይሰጣል። እግርን ጫን ማድረግ ብቻ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊያደርስ ይችላል። ለወጣት አሽከርካሪ ፈተናው ቀላል አይደለም፤ ባዶ የሌሊት አስፋልትም የውድድር ሜዳ ይመስላል።

ልዩነቱን በቁጥር እናስቀምጠው። የሰበቃው ቁጥር 0.7 በሆነ ደረቅ አስፋልት በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ14 ሜትር ይቆማል። በ100 ግን 56 ሜትር ይፈጃል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ነውና። ፍሬን እስኪያዝ የሚያልፈውን አንድ ሰከንድ ስንጨምርበት፣ የመጀመሪያው 28፣ ሁለተኛው 84 ሜትር ይደርሳል።

የሙያው ሰው በመነሻው መስመር ላይ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ቢጫዎቹ መብራቶች በርተው አረንጓዴው የሚከተለው በ0.4 ሰከንድ ነው፤ እርሱም ለዚያች ቅጽበት ዕድሜ ልኩን ሲለማመድ ኖሯል። እሳት የማይበላው ልብስ፣ የብረት አጥር፣ የማቆሚያ ጃንጥላና በተጠንቀቅ የቆመ አምቡላንስ አሉት። በልደታ ጎዳና ኳሱን ተከትሎ ወደ አስፋልት የሚገባ ሕፃን ግን ቢጫ መብራት አያበራም።

ጋርሊትስና ጓደኞቹ ከስድሳ ዓመታት በላይ በገዛ አካላቸው የተማሩት፣ ፍጥነትን ከማግኘት ይልቅ ከፍጥነት በደኅና መመለስ ከባድ መሆኑን ነው። ይህን ትምህርት እኛ ከወረቀት ላይ በነፃ ልንወስደው እንችላለን።