አንድ ተግባር፣ አንድ ስያሜ፦ የድምፅና የምስል ስብስብን ለሚያደራጁ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የትእዛዝ ቃላት አመራረጥ

የሙያ ቃላት ስያሜ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በስሞች ላይ ነው። ለመሣሪያውና ለክፍሎቹ ስም ከተገኘ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስላል። ተጠቃሚውና የኮምፒውተር ፕሮግራሙ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ግን ከስሞቹ ይልቅ አስቸጋሪዎቹ ግሦቹ ናቸው፤ ተጠቃሚው ግሡን አንብቦ አያልፈውም፣ ይፈጽመዋል እንጂ። ግሡ የተምታታ እንደሆነ ጉዳቱ ከንባብ አልፎ ንብረት ላይ ይደርሳል። ይህንም ዘፈን፣ ፎቶግራፍና ፊልም ከሚያደራጁት ፕሮግራሞች አሠራር በመነሣት ለማሳየት እንሞክራለን።

እነዚህ ፕሮግራሞች ሁለት እርከን አላቸው። አንደኛው በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ የተቀመጠው ፋይል ሲሆን፣ ሁለተኛው ተጠቃሚው እንደ ፍላጎቱ የሚያዘጋጃቸው ዝርዝሮችና አልበሞች ናቸው። አንድ ዘፈን በዲስኩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀምጦ በብዙ ዝርዝሮች ውስጥ ሊጠቀስ ይችላል፤ ይኸውም በቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ በደራሲው፣ በርእሱና በዘርፉ ካርዶች ላይ እንደሚመዘገብ ማለት ነው። ካርዱን ከሣጥኑ ማውጣት መጽሐፉን ማቃጠል አይደለም።

የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው አይቲዩንስ ይህንኑ ልዩነት ይጠብቅ ነበር። ዘፈኑ ከማጫወቻ ዝርዝር ሲወጣ ፋይሉ አይነካም፤ ከጠቅላላው ስብስብ ሲወጣ ግን ፋይሉ ይቀመጥ ወይስ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሂድ ሲል ፕሮግራሙ ይጠይቃል። በ2002 የወጣው አይፎቶም ከአልበም የወጣውን ፎቶግራፍ በስብስቡ ውስጥ ያቆየው ነበር። በእንግሊዝኛው የተለመደው አጠቃቀም ለመጀመሪያው ተግባር «ሪሙቭ»፣ ለሁለተኛው «ዲሊት»፣ የጀመሩትን ለመተው ደግሞ «ካንስል» የሚል ነው።

በአማርኛ «ሰረዘ» ለሦስቱም ይቀርባል። የተጻፈ ፊደል ይሰረዛል፤ ስም ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ቀጠሮም ይሰረዛል። ተርጓሚው ቃላቱን ከገጹ ተነጥለው በዝርዝር ሲደርሱት እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው በትክክል ሊፈታቸው ይችላል። ስሕተቱ የሚገለጠው በአንድነት ሲታዩ ነው፤ «ይህን ፎቶግራፍ መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ከሚለው ጥያቄ ሥር ሁለት ቁልፎች ይቆማሉ፣ ሁለቱም «ሰርዝ» ይላሉ። አንደኛው ምስሉን ያጠፋል፤ ሌላው ሐሳቡን ያስቀራል። የሟች እናቱን ብቸኛ ፎቶግራፍ የያዘ ሰው ከሁለቱ የትኛውን ይጫን?

«አጥፋ» የሚለውም መፍትሔ አይሆንም፤ መብራትና ድምፅም ይጠፋሉና። ስለዚህ «ሰርዝ» ከዚህ መስክ ፈጽሞ ቀርቶ የሚከተሉት አራት ስያሜዎች ቢሠራባቸው የተሻለ ነው እንላለን።

1. «ከዝርዝር አውጣ»፦ ፋይሉ ባለበት ይቆያል።
2. «ጣል»፦ ፋይሉ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሄዳል፤ የተጣለ ይነሣልና ሊመለስ ይችላል።
3. «ደምስስ»፦ ፋይሉ ከመጣያውም ይወገዳል።
4. «ተው»፦ ምንም ለውጥ አይደረግም።

የግሡ ቅርጽም ሥርዐት ይፈልጋል። ቁልፉ ተጠቃሚው ማሽኑን የሚያዝበት ድምፅ ስለሆነ «ጣል»፣ «ተው» የሚለው ትእዛዝ አንቀጽ ይስማማዋል። መልእክቱ ግን ማሽኑ ለሰው የሚናገረው ነው፤ «ዝርዝር ይምረጡ» በማለት አክብሮትን መጠበቅ ይገባዋል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንባቢው ማን ማንን እንደሚያዝ ያጣዋል።

አፕል በ1987 ለፕሮግራም ሠሪዎች ባሳተመው መመሪያ ወጥነትን ከመሠረታዊ መርሖች አንዱ አድርጎታል። የመርሑ ጥቅም በ2019 በጉልህ ታይቷል። በዚያ ዓመት በማክ ኮምፒውተሮች ላይ የአይቲዩንስ ሥራ ለሙዚቃ፣ ለቴሌቪዥንና ለፖድካስት ፕሮግራሞች ተከፋፈለ። በአንዱ «ጣል» የተባለው በሌላው «ደምስስ» ቢባል፣ ተጠቃሚው በመጀመሪያው የቀሰመው ዕውቀት በሁለተኛው ያሳስተዋል።

እንግዲህ ትርጉም ከመጀመሩ በፊት የስያሜ ሰንጠረዥ ሊዘጋጅ ይገባል። ሰንጠረዡም ከባዕዱ ቃል ሳይሆን ከተግባሩ ይነሣ፤ በእያንዳንዱ ስያሜ ፊት ለፊት «ፋይሉ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይጻፍ። ሁለት መልስ ያለው ስያሜ ገና አልተሰየመም።