ስታክ ኦቨርፍሎው፦ ጠያቂና መላሽ የተቀያየሙበት ቤት

በአማርኛ የተሠራ ቅጽ ላይ «ከበደ» ብለው ሞልተው ሲልኩት፣ ዳታቤዙ ውስጥ «???» ሆኖ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ስሙ ሦስት ፊደል ከሆነ ሦስት የጥያቄ ምልክት፣ አራት ከሆነ አራት። ዳታቤዙ የግእዝ ፊደል እንዲቀበል ተደርጎ ስላልተዘጋጀ የማያውቀውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ አንዴ የጠፋውን ስም ደግሞ ከዚያ ውስጥ መልሶ የሚያወጣው የለም። በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ላይ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ይሁን በሌላ ግቢ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን በአማርኛ ልሥራ ብሎ የተነሳ የሶፍትዌር ተማሪ ይህ ሲገጥመው መጀመሪያ ጓደኞቹን ይጠይቃል። እነሱም ካላወቁ ቀጥሎ የሚሄድበት ቤት ለዓመታት የታወቀ ነበር፦ ስታክ ኦቨርፍሎው።

ይህን የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ መድረክ ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ከፈቱት። ከእነሱ በፊት ስም የነበረው ኤክስፐርትስ ኤክስቼንጅ ጥያቄውን ለሁሉም እያሳየ መልሱን ላልከፈለ ሰው ይደብቅ ነበር። በጉግል ፈልጎ እዚያ የደረሰ ፕሮግራመር ሁሉ ይናደድ ነበር። ሁለቱ ሰዎች የዚህን ተቃራኒ ሠሩ፤ ጥያቄውም መልሱም ክፍት፣ ከሁሉ የተሻለው መልስ በድምፅ ብልጫ ወደ ላይ የሚወጣበት፣ ወሬና ጭቅጭቅ የሌለበት ቤት። ሐሳቡ ሠመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኮድ ስህተት የገጠመው ሰው ጉግል ላይ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚመጣለት የእነሱ ገጽ ሆነ።

ያ ተማሪ ወደዚህ ቤት ሲገባ ምን እንደሚገጥመው በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። እንደ አስተዳደጉ በሰላምታ ይጀምራል። ለሙያው አዲስ መሆኑን፣ ቀኑ እንደደረሰበትም ይገልጻል፤ ሲጨርስ አስቀድሞ ያመሰግናል። የቤቱ ደንብ ግን ሰላምታም ምስጋናም ጥያቄ ውስጥ እንዲገባ አይፈቅድም፤ አንድ የማያውቀው ሰው ገብቶ ሁለቱንም ይሰርዝለታል። ሌላው ከሥር «ምን ሞከርክ? ኮዱ የታለ?» ብሎ ይጽፋል። በዚህ መሃል መብራት ከሄደ ወይም የገዛው ዳታ ካለቀ መልስ መስጠት አይችልም። ሲመለስ ጥያቄው ሁለት የተቃውሞ ድምፅ አግኝቶ «ተደጋጋሚ» በሚል ተዘግቷል። ከላዩ ላይ የግእዝን ጨምሮ ሁሉንም ፊደል ስለሚያስቀምጠው የኮድ ሥርዓት፣ ስለ ዩቲኤፍ-8 አጠቃቀም፣ ከዓመታት በፊት ወደ ተጠየቀ ሌላ ጥያቄ የሚወስድ ሊንክ ተለጥፎበታል።

አስገራሚው ነገር ሊንኩ ትክክል መሆኑ ነው። ያ የቆየ ገጽ ሠንጠረዡ፣ ከዳታቤዙ ጋር የሚደረገው ግንኙነትና ቅጹ ያለበት ገጽ ሦስቱም በዩቲኤፍ-8 እንዲሠሩ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ተማሪው ቁጭ ብሎ ቢያነበው «ከበደ» ከዚያ ወዲያ «ከበደ» ሆኖ ይቀመጣል። መልሱን አግኝቷል ማለት ነው። ግን ከዚያ በኋላ ያንን ቤት ዳግመኛ አይጠይቅም፤ ለጓደኞቹም «እዚያ አትጠይቁ፣ ይሰድቧችኋል» ይላቸዋል።

ብዙ ሰው ይህን የመላሾቹ ክፋት አድርጎ ያየዋል። ክፉዎች አልጠፉም፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። መሥራቾቹ ቤቱን የሠሩት ለጠያቂው ብለው አይደለም። የሠሩት ነገ ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ያንኑ ችግር ይዞ በጉግል በኩል ለሚመጣው፣ ስሙ ለማይታወቀው አንባቢ ነው። ለዚያ አንባቢ አንድ ጥያቄ አንድ ገጽ ቢሆንለት፣ ሰላምታም ልመናም ባይደባለቅበት ይሻለዋል። ጠያቂው በበኩሉ ሰው ሊረዳው እንደመጣ ያስባል። ቤቱ የሚያየው ወደፊት የሚነበብ ጽሑፍ ነው፣ እሱ የሚያየው ነገ ጠዋት የሚያስረክበውን ፕሮጀክት። ሁለቱ ፈላጊዎች በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲጋጩ የሚሸነፈው አዲሱ ነው።

ቃሊቲ መንገድ ዳር ባሉት የከባድ መኪና ጋራዦች ረዳቱ ያንኑ ነገር አሥር ጊዜ ይጠይቃል፣ መካኒኩም አሥር ጊዜ ይቆጣዋል፤ እየተቆጣ ግን ቁልፉን ተቀብሎት ያሳየዋል፣ ምሳም አብረው ይበላሉ። ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የቀረው ቁጣው ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ከሌሎች የድጋፍ ድምፅ የሚገኘው የነጥብ ሥርዓት አለ። አንድ ሰው የሌላውን ጽሑፍ ለመደገፍ 15 ነጥብ፣ በሌሎች ጽሑፍ ሥር አስተያየት ለመጻፍ 50፣ ለመቃወም 125፣ ጥያቄ ይዘጋ ብሎ ድምፅ ለመስጠት 3,000 ነጥብ ያስፈልገዋል። አንድ ነጥብ ብቻ ያለው አዲስ ሰው ሙሉ መልስ መጻፍ ይችላል፤ «ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ከሌላ ሰው መልስ ሥር መጠየቅ ግን አይችልም። በአንድ ዘርፍ የወርቅ ምልክት ያገኘ አንጋፋ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ማንንም ሳያማክር፣ በራሱ አንድ ድምፅ፣ ጥያቄን «ተደጋጋሚ» ብሎ መዝጋት ይችላል።

ነጥቡ መጀመሪያ ላይ ሠርቷል። ሰዎች ያለ ደመወዝ ሌሊት እየተነሱ መለሱ። የእንግሊዙ ፕሮግራመር ጆን ስኪት እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አንድ ሚሊዮን ነጥብ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ችግሩ ነጥቡ ቀድሞ ለደረሰ ማድላቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ቀላል ጥያቄ የመለሰ ሰው፣ ያ መልስ የድጋፍ ድምፅ ባገኘ ቁጥር ዛሬም ድረስ ነጥብ ይገባለታል። ዘግይቶ ለመጣው የተረፈው ወይ ቀድሞ የተመለሰ ቀላል ጥያቄ ነው፣ ወይ አንድ ሰው ብቻ የሚያነበው አስቸጋሪ ጥያቄ።

አንጋፋዎቹም ቢሆን ደስተኛ አልነበሩም። ያንኑ የጀማሪ ስህተት በየቀኑ ማየት ያሰለቻል፤ ጥያቄውን ለመዝጋት የሚጥሩትም ቤቱ በቆሻሻ እንዳይሞላ ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ጄይ ሃንሎን መድረኩ እንግዳ ተቀባይ አለመሆኑን፣ በተለይ ጀማሪዎችን፣ ሴቶችንና ነጭ ያልሆኑ ሰዎችን እንደሚያርቅ በይፋ ጽፎ አመነ። አንባቢው ለሁለት ተከፈለ። አዲሶቹ «ዘገያችሁ» አሉ፤ ነባሮቹ «ለዓመታት በነፃ ስናገለግል ኖረን ጥፋተኛ ተባልን» ብለው ተቀየሙ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ኩባንያው አንድ ጥያቄ በእያንዳንዱ የድጋፍ ድምፅ የሚያስገኘውን ነጥብ ከ5 ወደ 10 ከፍ በማድረግ ጠያቂውን ለመካስ ሞከረ። በዚያው 2019 አንዲት በጎ ፈቃደኛ አወያይ ከኃላፊነቷ በመነሳቷ በርካታ አወያዮች ተቃውመው ሥራቸውን ለቀቁ።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ። በሰኔ 2021 ፕሮሰስ የተባለው ኩባንያ ስታክ ኦቨርፍሎውን በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ፕሮሰስ መቀመጫው ሆላንድ ይሁን እንጂ ሥሩ የደቡብ አፍሪካው ናስፐርስ ነው። የተሸጠው ሀብት በዋናነት በጎ ፈቃደኞች የጻፉት መልስ ነው፤ ለመላሾቹ የደረሳቸው ነገር የለም። በሕግ ይህ ስህተት አይደለም፤ ሲጽፉ ማንም ስማቸውን ጠቅሶ እንዲጠቀምበት ፈቅደዋልና። ቅሬታውን ግን ሕጉ አላስቀረውም።

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 መጨረሻ ሲወጣ ስታክ ኦቨርፍሎው በማሽን የተጻፈ መልስ እንዳይለጠፍ ለመከልከል አንድ ሳምንት አልፈጀበትም፤ መልሱ ትክክል ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ስህተት ነው ብሎ። በቀጣዩ ዓመት ግን ኩባንያው አወያዮቹ በማሽን ተጽፏል ብለው የሚጠረጥሩትን እንዳያነሱ ገደብ ጣለባቸው። አወያዮቹ በሰኔ 2023 አድማ መቱ፣ አድማው እስከ ነሐሴ ዘለቀ። በግንቦት 2024 ኩባንያው ከቻትጂፒቲ ሠሪው ከኦፕንኤአይ ጋር ውል ሲፈራረም ደግሞ ብስጭታቸውን ለመግለጽ የራሳቸውን መልስ መሰረዝ የጀመሩ ሰዎች ታገዱ፣ የሰረዙትም ተመለሰ። የጥያቄው ቁጥር በእርግጥ ከቻትጂፒቲ በፊትም እየወረደ ነበር። ማሽኑ ሲመጣ ቁልቁል ወረደ። የማይቆጣ፣ «ተደጋጋሚ» የማይል፣ ሰላምታም የሚመልስ መላሽ ተገኝቷላ።

ሌሎቹ የጥያቄና መልስ ቤቶችም አልተረፉም። ሁሉን ያለ ገደብ ያስገባው ያሁ አንሰርስ በቀልድና በሐሰት ተጥለቅልቆ እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2021 ተዘጋ። ከባለሙያዎች ጋር የጀመረው ኮራ እ.ኤ.አ. በ2018 ለጠያቂዎች መክፈል ሲጀምር ጥያቄው ገንዘብ ማግኛ ሆነ፤ ማንም መልሱን የማይፈልገው ጥያቄ ጎረፈ።

ስታክ ኦቨርፍሎው ከእንግሊዝኛ ሌላ በፖርቱጋልኛ፣ በሩሲያኛ፣ በስፓኒሽና በጃፓንኛ ተከፍቷል። በአማርኛ የለም። የኢትዮጵያ ፕሮግራመሮች ቤት ቴሌግራም ነው። እዚያ ሰላምታው አይሰረዝም፣ «ወንድሜ» እና «እህቴ» ይባላል፣ ጀማሪ አይባረርም። ችግሩ ሌላ ነው። መልሱ በሁለት ቀን ውስጥ በመቶ መልእክት ሥር ተቀብሮ ይቀራል፣ ያው ጥያቄ በሳምንቱ ይመለሳል፣ የሚያውቀው ሰው ይሰለቸውና ዝም ይላል፣ ባዶውን ቦታ የ«ቤትዎ ሆነው ገንዘብ ይሥሩ» ማስታወቂያ ይይዘዋል። ቻትጂፒቲ ደግሞ የ«???»ን ችግር ከእነዚያ አሮጌ ገጾች ስለተማረው በሰከንድ ይመልሰዋል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን ከራስ መተግበሪያ ጋር ማገናኘት፣ ወይም ጳጉሜን አንዴ አምስት አንዴ ስድስት ቀን እያደረገ የሚቆጥር የክፍያ ቀጠሮ መሥራትን የመሰለው የአገር ቤት ጥያቄ ግን ብዙ የተጻፈ ነገር ስለሌለው ማሽኑንም ያደናግረዋል። እንዲህ ያለው አሁንም የሚጠየቀው ግሩፕ ውስጥ ነው። የሠራው ሰው ካለም ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «በውስጥ መስመር አናግረኝ» ብሎ ነው፤ ሁለቱ እዚያ ይጨርሱታል፣ ግሩፑ ላይ የሚቀረው ጥያቄው ብቻ ነው።