ድርና ማግ የሌለው ጨርቅ

አንድ የሕክምና ማስክ ጠርዙን በመቀስ ቢቆርጡት ሦስት ስስ ሽፋኖች ይለያያሉ። የውጪውንና የውስጡን ወደ ብርሃን ሲያዞሯቸው በረድፍ የታተሙ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። መካከለኛው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ቢስቡት ይቀደዳል። በሦስቱም ውስጥ ድር የለም፣ ማግ የለም። አልተፈተሉም፣ አልተሸመኑም። ዳይፐርና ሞዴስ፣ ሐኪሞች ለቀዶ ሕክምና የሚለብሱት ጋውን፣ ከሱቅ ዕቃ ይዘንበት የምንወጣው የጨርቅ ፌስታል ሁሉ የዚሁ ዘር ናቸው።

ነጠብጣቦቹ የማሽኑ አሻራ ናቸው። ስፐንቦንድ በሚባለው አሠራር የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ፍሬ ቀልጦ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣል፣ በአየር ተስቦ ይቀጥናል፣ ከዚያም በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ እንደተዘበራረቀ ይነጠፋል። ንጣፉ በሁለት የጋሉ ሲሊንደሮች መካከል ሲያልፍ አንደኛው ላይ የተቀረጹት ጉብታዎች ክሮቹን ነጥብ በነጥብ ያጣብቋቸዋል።

መካከለኛው ሽፋን፣ ሜልትብሎውን፣ አሠራሩ ከዚህ ይከብዳል። ፕላስቲኩ ራሱ ሲቀልጥ እጅግ ቀጥኖ የሚፈስ ልዩ ዓይነት መሆን አለበት። ዳይ በሚባለው የማሽኑ አፍ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተጠጋግተው በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ከሁለቱም ወገን በከፍተኛ ፍጥነት የሚነፍሰው ትኩስ አየር የሚወጣውን ፕላስቲክ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን ድረስ ያቀጥነዋል። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው። የአየሩ ሙቀት ትንሽ ቢዛባ ወይም አንድ ቀዳዳ ቢደፈን ጨርቁ ላይ የፕላስቲክ ጠብታ ያርፍበታል፣ ወይም በርዝመቱ የሳሳ መስመር ይወጣበታል።

ይህን አሠራር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ቫን ዌንቴ የተባለ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ይፈልግ የነበረው ከኑክሌር ሙከራ የሚበተነውን ጨረር ያዘለ ብናኝ ከአየር ላይ የሚይዝ ማጣሪያ ነበር። በኋላ በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ጻይ ጨርቁን በኤሌክትሪክ ቻርጅ የማድረግ ዘዴ አዳበረ። ቻርጁ ብናኙን ወደ ክሮቹ ስለሚስበው፣ ትንፋሽ ሳይከለክል 0.3 ማይክሮን ከሚያህለው ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶውን የሚያስቀር ማስክ መሥራት ተቻለ። ቻርጅ የተደረገውንና ያልተደረገውን ጨርቅ ግን ዓይን አይለየውም፤ በእጅ ዳስሶም ማወቅ አይቻልም። ለእኔ የዚህ ኢንዱስትሪ ዋናው ጭንቀት ይኸው ነው።

በ2020 (እ.ኤ.አ.) ይህ በግልጽ ታየ። ኮሮና ሲስፋፋ ቻይና ውስጥ የአንድ ቶን ሜልትብሎውን ዋጋ ከ20 ሺህ ዩዋን አካባቢ ተነሥቶ ከ400 ሺህ በላይ ደረሰ። በያንግዜ ወንዝ መካከል ባለችው በያንግጆንግ ከተማ ጨርቅ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ትንንሽ ማሽን እየገጣጠመ ማምረት ጀመረ። የወጣው ጨርቅ ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ብዙው ግን አያጣራም። በሚያዝያ ወር የከተማዋ አስተዳደር አምራቾቹን በሙሉ ሥራ አስቆማቸው። ማሽን በገንዘብ ይገዛል፤ ኦፕሬተር ግን በሳምንት አይገኝም።

ስለዚህ ሥልጠናው የሚሰጠው ማሽኑ አጠገብ ነው። አሜሪካ ውስጥ በራሌ ከተማ፣ በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለው የነንዎቨንስ (ያልተሸመኑ ጨርቆች) ኢንስቲትዩት የፋብሪካ ሰዎችን ከክፍል ትምህርት በተጨማሪ በሙከራ ማሽኖች ላይ ያሠራል። በዚህ ሙያ ኦፕሬተሩ ሙቀትና የአየር ግፊት ማስተካከልን ብቻ ተምሮ አይበቃውም። የጨርቁን ክብደት በካሬ ሜትር፣ አየር የማሳለፍ አቅሙንና የማጣራት ብቃቱን እየለካ ማመን አለበት።

ወረርሽኙ ሲያልፍ በጥድፊያ የተገዙ ብዙ ማሽኖች ሥራ ፈቱ። ኢንዱስትሪውን አሁን የያዘው ሌላው ጥያቄ ፕላስቲኩ ነው፤ እኛንም በቅርብ የሚነካን እሱ ነው። ኬንያ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ፌስታል ስትከለክል ገበያው ወደ ስፐንቦንድ ቦርሳ ዞረ። ጨርቅ ይመስላል እንጂ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ሁለት ቀን ሳይዙት የሚቀደደው ስስ ዓይነት ስለበዛ፣ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2019 (እ.ኤ.አ.) መጋቢት ላይ ይህንንም ከለከለ። በኢትዮጵያም ፌስታልን የሚከለክል ሕግ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። በምትኩ የሚገባው ቦርሳ በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝንና ስንት ጊዜ ሸክም እንደሚችል የሚወስን ደረጃ፣ ገበያው በስሱ ዓይነት ከመሞላቱ በፊት ሊወጣለት ይገባል።