ኢኖክስ ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም

ላሊበላ ውስጥ ጥቂት ዓመት በአስጎብኚነት የሠራ ሰው ቤቱ ሰንጢ አይጠፋም። እንግዳው በመጨረሻው ቀን ሻንጣውን ሲሸክፍ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ቢላ በኤርፖርት ፍተሻ እንደማያልፍ ድንገት ትዝ ይለዋል። «ይሄን አንተ ያዘው» ብሎ ይሰጥሃል። ቲፑን ሊያሳንስ ሲፈልግ ነው ቢላ የሚሰጠው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ አላማርርም። በዚህ መንገድ አሥራ አንድ ሰንጢ ደርሶኛል። ቀያዮቹ የስዊዝ ቪክቶሪኖክሶች ይበዛሉ፣ የእንጨት እጀታ ያለው አንድ የፈረንሳይ ኦፒኔልም አለ። አንድ አሜሪካዊ ደግሞ ከ400 ዶላር በላይ የሚሸጠውን የክሪስ ሪቭን «ሰበንዛ» እያገላበጠ አሳይቶኝ፣ ስሙ በዙሉ ቋንቋ «ሥራ» ማለት እንደሆነ ነግሮኝ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቢላ የሚወድ ሰው ስለ ቢላ ብዙ ያወራል። ካወራሁት ሁሉ አንዷ ወሬ ሰው ልትገድልብኝ ነበርና ዛሬ ስለ እሷ ልጻፍ።

ጎረቤቴ በቅሎ አከራይ ናቸው፤ አያ እላቸዋለሁ። እንግዳ ወደ አሸተን ማርያም ሲወጣ በቅሎዋን የሚስቡት እሳቸው ናቸው። አንዱን ቀይ ሰንጢ ሰጥቻቸው ነበር። አንድ ቀን ዳገቱ መሐል በቅሎዋ ማነከስ ጀመረች፤ ኮቴዋ ውስጥ ጠጠር ተሰክቷል። አያ ሰንጢውን ዘርግተው በጫፉ ይፈለፍሉት ገቡ። እንዲህ ያለው ትንሽ ቪክቶሪኖክስ ስለቱን ዘርግቶ የሚይዝለት ከጀርባው ያለችው ሞላ ብቻ ናት፤ መቆለፊያ የለውም። በጫፉ ከገፉት ይታጠፋል። ታጠፈባቸው። ጠቋሚ ጣታቸውን አጥንት እስኪነካ ቆረጠው። ከሃይላንድ ትንሽ ውሃ አፈሰስኩበት፣ በመሀረቤ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት።

«መርፌ ያሻው ይሆን?» አሉኝ።

«አያ፣ ይሄ እኮ የማይዝግ ብረት ነው፤ ስሙ ላይ ራሱ ኢኖክስ አለበት። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ዝገት ነው። ምንም አይልዎትም» አልኳቸው።

አመኑኝ። የተማረ ልጅ ተናግሮ የለ።

በዘጠነኛው ቀን ማታ ባለቤታቸው ያነሱላቸው ጉርሻ አፋቸው አልገባ አለ። ጥርስ ነው ተባለ። በማግስቱ አንገታቸው ደረቀ፤ ከንፈራቸው ወደ ጎን ተስቦ የሚስቁ መሰሉ፣ ዓይናቸው ግን እያለቀሰ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ወሬ ተነሣ፤ ሰንጢውን ቅዳሜ ገበያ ላይ የሳለላቸው ቀጥቃጩ ነውና «ቡዳ ነው፣ በልቷቸው ነው» ተባለ። በዚህም አንድ ሌሊት ሙሉ ጠፋ። ሆስፒታል ሲደርሱ ጨለም ያለ ክፍል ተሰጣቸው። በሩን ቀስ አድርገን እንድንዘጋ፣ ስልካችንን እንድናጠፋ ነርሷ አስጠነቀቀችን፤ ድምፅና ብርሃን ሰውነታቸውን እንደ ደጋን ይወጥረው ነበር። ባለቤታቸው ስለት ገቡ። እኔ በሌላኛው ስለት ምክንያት አንገቴን ደፍቼ ደጅ ተቀምጫለሁ።

ተርፈዋል። ሳምንታት ፈጀ እንጂ ተርፈዋል።

ዝገት መንጋጋ ቆልፍ አያመጣም። ዝገት ብረትና ኦክስጅን ከእርጥበት ጋር ተገናኝተው የሚሠሩት ነገር ነው፤ ሕይወት የለውም። በሽታው የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያው ደግሞ አፈር ውስጥ፣ በተለይም የከብት እበትና የፈረስ፣ የበቅሎ፣ የአህያ ፋንድያ በነካው አፈር ውስጥ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኤልስነር ስዊዘርላንድ ኢባኽ በምትባል መንደር በኋላ ቪክቶሪኖክስ የሆነውን የቢላ መሥሪያ ከፈተ። በዚያው ዓመት ጀርመን አገር ጎቲንገን ውስጥ አርቱር ኒኮላየር የሚባል ወጣት ሐኪም ተራ አፈር ወስዶ የእንስሳት ቆዳ ሥር ቢጨምር፣ እንስሳቱን መንጋጋ ቆልፍ ያዛቸው። ሚስማር የለ፣ ዝገት የለ፣ አፈር ብቻ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ ባክቴሪያውን ለብቻው ለይቶ አሳደገው። እንግዲህ ነገሩ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን ዛሬም ቢላ ዘርግተን ዝገት እንፈልጋለን።

ይህ ባክቴሪያ ሁኔታው ሳይመቸው ሲቀር እንደ ዘር በቅርፊት ተጠቅልሎ ይተኛል። እንዲህ ሆኖ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ውሃ ማፍላት ብቻውን ሁልጊዜ አይገድለውም። የሚነቃው አየር የማይደርስበት ቦታ ሲያገኝ ነው፤ ጥልቅና ጠባብ ቁስል ማለት ለእሱ ጎጆ ማለት ነው። እዚያ ሆኖ የሚያመነጨው መርዝ ነርቭ ተከትሎ ይሄዳል፤ ጡንቻ «ፍታ» የሚለውን ትእዛዝ እንዳይሰማ ያደርገዋል። መጀመሪያ የሚቆለፈው ብዙ ጊዜ መንጋጋ ነው። ምልክቱ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ቁስሉ ጠግጎ ሰው ከረሳው በኋላ ማለት ነው።

ከሕመሙ በኋላ ያንን ሰንጢ ወስጄ መብራት ሥር ዘረጋሁት። ስለቱ እንደ መስታወት ያበራል፣ ዝገት የሚባል ነገር የለበትም። ስቴኪኒ ይዤ ስለቱ የሚተኛበትን ስንጥቅ ስጭር የወጣው ሌላ ነው፤ የጠቆረ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የጋቢ ጥጥ፣ የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ፣ ከሥሩ ደግሞ የተጋገረ አረንጓዴ ቡናማ ነገር። ፋንድያ ነው። ታጣፊ ቢላ ከሌላው ቢላ ይልቅ የሚቆሽሸው ለዚህ ነው፤ የነካውን ሁሉ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። የአያን ጣት የመረዘው ከስንጥቁ የወጣው ይሁን ከኮቴው ወይስ ካሰርኩበት ላብ የጠገበ መሀረብ፣ ማንም እርግጡን ሊነግረኝ አይችልም። ሦስቱም አይዝጉም።

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። የዛገ ሚስማር የሚገኘው ሜዳ ላይ ወድቆ፣ በዝናብና በእበት ታሽቶ ነው። ሻካራ ስለሆነ አፈር ይይዛል፤ እግር ሲወጋም ጠልቆ ይገባል። ስለዚህ ከዛገ ሚስማር የሚሸሽ ሰው ልክ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ነገሩ ሲገለበጥ ነው፦ «አልዛገም፣ እንግዲያው ደህና ነው» ሲባል። የሚያንጸባርቅ ውድ ቢላ በያዝን ቁጥር መዘናጋታችን ይብሳል። ወሬውን የምናዛምተው ደግሞ እንደ እኔ ያሉ ሁለት ገጽ አንብበው አስተማሪ የሚሆኑ ናቸው። ሰንጢ ሻጩም «ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ቢቆርጥህም አያመረቅዝም» ይልሃል። ከዚህ የከፋው፣ እንጥል ለማስቆረጥ ሕፃን ታቅፈው «ምላጩ ዝጓልና ያንን ኢኖክስህን አውሰን» ብለው ደጄ የመጡ መኖራቸው ነው። አልሰጠሁም። እንጥልን በምንም ስለት ቢሆን ማስቆረጥ ለሕፃን ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም።

ከቁስል በኋላ የሚያዋጣው ቀላል ነው። በሚፈስ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ረዘም ላለ ጊዜ ማጠብ፣ ቡናም አመድም አለመነስነስ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። አፈር የነካው ቁስል ከሆነና የመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልጋል። ጨርሶ ያልተከተበ ሰው ደግሞ ከክትባቱ ሌላ መርዙን የሚያከሽፍ መድኃኒት ሊሰጠው ይገባል።

እዚህ ላይ ለወንዶች የምለው አለኝ። በአገራችን መደበኛው የሕፃናት ክትባት የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ፣ ከዚያ በኋላም ጤና ጣቢያ በሌለበት ቀበሌ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ አልተከተበም። ሴቶች ሲያረግዙ ክትባቱን ያገኛሉ፤ ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን አስወግዳለች የተባለውም በዚህ ብርታት ነው። ማስወገድ ማለት ግን በየወረዳው ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት በበሽታው የሚያዙትን ከአንድ በታች ማድረስ ነው፤ አፈሩ የትም አልሄደም። በአያ ቤት ሚስት ስድስት ልጅ የወለዱ፣ በየእርግዝናው የተወጉ ናቸው። ባል ዕድሜ ልካቸውን ከበቅሎ ፋንድያ ጋር ውለው አንድም መርፌ አያውቁም። ደግሞም መንጋጋ ቆልፍ አንዴ ይዞ ስለለቀቀ ዳግመኛ አይዝም ማለት አይደለም፤ ነርሷ አያን ከአልጋ እንደተነሡ እንደገና መከተብ አለብዎት ስትላቸው «ታምሜው የለም ወይ?» ብለው ተቆጥተው ነበር።

ስለ ቀጥቃጩ ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠራልን ሰው ነው። ያለ እሱ እጅ ላስታ ውስጥ አንድ ማሳ አይታረስም። የፈረንጅ ቢላ ሠሪን ስም እንደ ጻድቅ የሚጠራ ወዳጄ፣ እዚሁ ብረት ከሚቀጠቅጠው ሰው ጋር ማዕድ አይቆርስም። «ቡዳ ነው» የሚባለው ነገር ጉዳቱ ስም ማጥፋት ብቻ ቢሆን እንኳ በበቃ፤ በሽተኛን ከሐኪም ያዘገያል። ያን ሌሊት በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ ቢላ የሚነገሩትን የቀሩ ወሬዎች ቶሎ ልበላቸው።

የማይዝግ ብረት ይዝጋል። እንግሊዛዊው ሃሪ ብረርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ሼፊልድ ውስጥ ከሠራው ወዲህ ስሙ አሳሳተን እንጂ፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው ዝገትን ይቋቋማል ማለት ነው። ሎሚ ቆርጠህበት፣ ጨው ነክቶት ሳታጥበው ብታሳድረው ነጠብጣብ ታገኝበታለህ።

ውድ ቢላ አይደነዝም የሚባለውም ውሸት ነው። ዘግይቶ ይደነዛል፤ ከደነዘ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ኤም 390 የሚባለው ብረት 4 በመቶ ያህል ቫናዲየም አለበት፤ ይህ የሚሠራው ጠጣር ቅንጣት ከወንዝ ካነሣነው መሳያ ድንጋይ ይጠነክራል። የአልማዝ መሳያ የሌለው ሰው እንዲህ ያለውን ቢላ ገዝቶ ላሊበላ ቢመጣ፣ ቀስ በቀስ የወረቀት መክፈቻ ይሆንበታል።

የደነዘ ቢላ ለልጅ ይሻላል ይባላል። ድንዙን ስትገፋው ይንሸራተትና ወደማትፈልገው ይሄዳል። ለልጅ የሚሻለው ቢላ አለመስጠት ነው።

«ትንሽ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ይገባል።» አትመንበት። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2013 ከ6 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ስለት እንፈቅዳለን ብለው የበረራ ሠራተኞች ቢጮሁባቸው በዚያው ዓመት ትተውታል። በሚጫነው ሻንጣ ክተተው፤ አለዚያ ለአስጎብኚህ ስጥ።

ቀይ ቀለምና መስቀል ያለው ሁሉ የስዊዝ ወታደር ቢላ አይደለም፤ መርካቶ ቀይ ቀለም ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1891 ለስዊዝ ወታደር የታደለው የመጀመሪያው ቢላ ራሱ የተሠራው ጀርመን ዞሊንገን ነው።

አራስ ራስጌ የሚቀመጠው ቢላ ሾተላይን አይመልስም። ሐኪሞች ዛሬ ሾተላይ የሚሉት የእናት ደም ነጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣውን ጣጣ ነው። መከላከያው በወለደች 72 ሰዓት ውስጥ የምትወጋው መርፌ ነው። ቢላው ብርታት ይሰጣል የምትል እናት ካለች አልከራከራትም፣ የደም ዓይነቷን ብቻ ትመርመር።

አያ ሰንጢዬን መልሰውልኛል። በፈላ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ ማጠፊያው ላይ ጠብታ ዘይት አድርጌ ከአሥሩ ጋር አስቀመጥኩት። እሳቸው ያው ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራላቸው ቆልማማ የኮቴ መፈልፈያ ገዙ፤ አይታጠፍም፣ ጣትም አይቆርጥም። ሦስተኛውን መርፌ በወሰዱ በሳምንቱ በራቸው ላይ አገኘኋቸው፤ የበቅሎዋን እግር ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ይፈለፍላሉ። ክረምቱ አልፎበት መፈልፈያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝጓል።