በእጅ የምትፈታ መኪና

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን ከማስነሳቴ በፊት አሮጌ ጨርቅ ይዤ ከፊት ጎማዎቿ አጠገብ እንበረከካለሁ። ከእያንዳንዱ የፊት ጎማ በስተጀርባ ከእግር ኳስ ትንሽ ያነሰች የብረት ሉል አለች። መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው የሚዞረው በእሷ ላይ ነው። እኔ ኳሷ እላታለሁ። ጨርቁን ሳሳልፍባት ስስ የግሪስ ወዝ ብቻ ይዞ ከወጣ ደስ ይለኛል፤ እንዲያ መሆን አለባት። ጨርቁ በቀጭን ጥቁር ዘይት ከራሰ፣ ዘይቱም ወርዶ የጎማውን የውስጥ ጎን ካወዛው ግን፣ ውስጥ ያለችው የዘይት ማገጃ ጎማ አልቃለች ማለት ነው። ዛሬ ችላ ካልኳት ከወራት በኋላ ኩሽኔታውን ታስበላለች፤ ከኩሽኔታው ቀጥሎ ትልቁን ብረት።

መኪናዋ ላንድክሩዘር ናት፣ 70 የሚባለው ዝርያ፤ ነጭ፣ ባለ ረጅም ቦዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ወጥታ፣ በሁለት ሰው እጅ አልፋ ነው የደረሰችኝ። በሩ ላይ የነበረው ክብ አርማ ከተላጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ፀሐይ ያልነካው ቀለም ግን ዛሬም ከሌላው ተለይቶ ይታያል። አላስቀባሁትም። የት የት እንደዋለች የሚመሰክርላት እሱ ብቻ ነው።

የዘር ሐረጓ የሚጀምረው ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 ከሠራት ቢጄ ከምትባል ጂፕ ነው። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ኢቺሮ ታይራ የተባለ የፋብሪካው የሙከራ ሹፌር የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጣባት። ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘችው በ1954 ነው። 40 የሚባለው ዝርያ በ1960፣ 60 የሚባለው በ1980 ተከተሉ። 70 የወጣው በኖቬምበር 1984 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1977 መግቢያ፣ የኮረም ረሃብ ለዓለም በታየ ሰሞን። አጋጣሚ ነው። ቢሆንም ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ክትባት፣ አልሚ ምግብና አዋላጅ ነርስ ይዘው አስፋልት ወደማያውቀው ወረዳ ከገቡት መኪኖች መካከል ይኸው ዝርያ ስላለበት፣ ሁለቱን ለያይቼ ማሰብ አልችልም።

ሞተሯ 1ኤችዜድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣ፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት፣ 4,164 ሲሲ የናፍታ ሞተር ነው። ተርቦ የለውም፤ ኮምፒውተር የለውም። ለመነሳት ባትሪና ካንዴሌታ ይፈልጋል። ከተነሳ በኋላ ከኤሌክትሪክ የሚጠይቀው የናፍታውን መንገድ ከፍታ የምትይዝለትን ትንሽ ሶሌኖይድ ብቻ ነው። ስለዚህ በሽታው በዓይን፣ በጆሮና በአፍንጫ ይታወቃል። ጥቁር ጭስ ናፍታው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት አብሮ እየነደደ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ የሚታይ ነጭ ጭስ ናፍታው ሳይነድ እየወጣ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዳገት ሲይዙ ጥቂት ጥቁር ጭስ ቢያዩ ግን አይደንግጡ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ አንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት ያጥረዋል። ልዩነቱ ዓባይ በረሃ ላይ ፍንትው ብሎ ይታወቃል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደው ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሞተሩ እንቅልፉን እንዳራገፈ ሰው ይነቃል፤ ድምፁም ይወፍራል። ከዚያ ወደ ደጀን ሲወጡ በሁለተኛ ማርሽ፣ ዓይንን ከሙቀት መለኪያው ሳይነቅሉ ነው። ራዲያተሩ ያልታጠበ መኪና ምሥጢሩን የሚያወጣው እዚያ ነው።

ፎርዊሏ ሁልጊዜ አይሠራም። አስፋልት ላይ የምትሄደው በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ነው። ከማርሹ ዘንግ አጠገብ ሌላ አጭር ዘንግ አለ፤ እሱ ሲሳብ ኃይሉ ለፊትም ለኋላም ይደርሳል። ነገር ግን በፊትና በኋላ መካከል ልዩነት የሚያስታርቅ ዲፈረንሻል የላትም። ስትታጠፍ የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ደረቅ አስፋልት ላይ ያ ትርፍ መውጫ ስለሚያጣ ብረቱን ያስጨንቃል፤ ጭቃ ላይ ግን ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ያስተነፍሰዋል። ከዘንጉ በፊት ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። በፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ በጣት የሚዞር ክብ ቁልፍ አለ። «ፍሪ» ላይ ሲሆን ጎማው ለብቻው ይዞራል፤ «ሎክ» ላይ ሲሆን ከውስጥ ከሚመጣው ዘንግ ጋር ይያያዛል። ሁለቱም ካልተቆለፉ ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚደርስ ኃይል የለም።

ይህን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ቀን አስተማረኝ። ሐምሌ ነበር፤ አክስቴን ይዤ ከቱሉ ቦሎ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ቀብር ልንደርስ ስንሄድ የበቾ ጥቁር አፈር ያዘን። ያ አፈር ሲረጥብ ጎማውን ተጠቅልሎ ክብ ጭቃ ያደርገዋል። ወርጄ የቀኙን ቁልፍ አዞርኩ፤ ዞረ። የግራው አልነቃነቅ አለ። በጨርቅ ይዤ ታገልኩት፣ በመፍቻ እጀታ መታ መታ አደረግኩት። ከሰባት የማያንሱ ገበሬዎች ጋቢያቸውን አጥር ላይ ሰቅለው ገፍተው አወጡን። ስንደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር። አክስቴ እጄን ይዛ ዝም አለች።

በሳምንቱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳሉ፣ ጋሼ ወደምላቸው አዛውንት መካኒክ ወሰድኳት። ጎማውን ካወለቁ በኋላ ቁልፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ ሳይከፈት ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስድስቱን ዳዶ ፈቱ፤ ሽፋኑ ግን ንቅንቅ አላለም። በየብሎኑ ላይ ተሰንጎ የገባ ሾጣጣ ቀለበት አለ። ብዙ ሰው ትዕግሥት አጥቶ በካቻቢቴ ይጎረጉረውና ብረቱን ያበላሻል። ጋሼ የነሐስ ቁራጭ አስደግፈው በመዶሻ አንዴ ጠበቅ አድርገው መቱ። ደገሙ። ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ውስጡ ያለው ግሪስ እንደ ጧፍ ሰም ደርቆ ነበር፤ አንድ ሰው አንድ ወቅት አብዝቶ ጠቅጥቆበታል። ቁልፉ የሚፈልገው ስስ ቅባት ብቻ ነው። በናፍታ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተወልውሎ፣ በጣት ጫፍ ሲቀባ ወዲያው ዞረ። ያን ሁሉ ያመጣብን ይኸው ነበር።

እግረ መንገዳቸውን ኳሷንም ከፈቱ። ከውስጧ እንደ ተልባ የቀጠነ ጥቁር ፈሳሽ ወረደ፤ ከዲፈረንሻሉ ያመለጠው ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያሻግረው መገጣጠሚያ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ስድስት የብረት እንክብሎች በየቦያቸው ተቀምጠው፣ ጎማው ቢታጠፍም ዘንጉ እኩል እንዲዞር ያደርጋሉ። ፎርዊል አስገብተው መሪውን እስከ ዳር ሲያጥፉ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ ቦዩ ተበልቷል። የእኔም ጀምሮት ነበር። ጋሼ የግራውን መገጣጠሚያ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወሩት። ወደ ፊት ስንነዳ ጫናው የሚያርፈው በቦዩ አንድ ጎን ላይ ስለሆነ፣ ቦታ ሲለዋወጡ ያልተነካው ጎን ሥራ ይጀምራል። ድምፁ ጠፋ። እንዲህ ያለ ሁለተኛ ዕድሜ የሚሰጥ መኪና ስንት ይገኛል?

ከኳሷ ላይና ታች ያሉት ኩሽኔታዎች ደግሞ በልክ መጥበቅ አለባቸው፤ ላላ ካሉ መሪው ኮረኮንች ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከጠበቁ መሪው ይከብዳል። ጋሼ ከሥራቸው ስስ ቆርቆሮ እየጨመሩና እየቀነሱ፣ በሞላ ሚዛን እየሳቡ ለኩት። የሰነፍ ጋራዥ ይህን በእጅ ግምት ያልፈዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ እቃ እያቀበልኩ ሳለሁ ያስተዋልኩት ቋንቋቸውንም ነው፤ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ፖርቶመጋላ። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ! ቃሉ ግን ከብረቱ ጋር አብሮ ቀርቶ፣ ዛሬ ማንም ባዕድ ነው ብሎ አያስበውም።

የዘይት ማገጃውን ሶማሌ ተራ ሄጄ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ርካሹን መረጥኩ። በሁለት ወሩ ጨርቄ እንደገና ጠቆረ። ያች ትንሽ ጎማ የምትለወጠው ያ ሁሉ ተፈትቶ ስለሆነ፣ የሙሉ ቀን ሥራ እንደገና ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ ከሥር የሚገባ ዕቃ ስገዛ ዋጋውን ሳይሆን ለመድረስ የሚፈታውን ብሎን እቆጥራለሁ።

ይህን ሞተር ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። 1ኤችዜድ ቫልቮቹን የሚያዘው በጎማ ቀበቶ ነው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። የእኔዋ ላይ መብራቱ በርቶ አያውቅም ነበር፤ ዳሽቦርዱ ሲከፈት አምፖሏ ተነቅላለች። ቀበቶው ተበጥሶ ቢሆን ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጩ ነበር። በዚያው ቀን አስለወጥኩት፤ አምፖሏንም መለስኩ።

እንዲህ ያሉ መኪኖች ዛሬ ዋጋቸው ከፍ ብሏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ኤሌክትሪክ መኪናን አልጠላም፤ ለከተማ ሥራ ደግ ነው። ነገር ግን ሜዳ ላይ ስትቆም የአካባቢው ሰው ገብቶት የሚያክማት መኪና የራሷ ቦታ አላት። አንድ ጊዜ የባሌስትራዬ አንዱ ንብርብር ገጠር ላይ ተሰበረ። የመንደሩ ቀጥቃጭ ስባሪውን ሲያየው ዓይኑ በራ፤ ከባሌስትራ ብረት የተሻለ ለማረሻና ለቢላ እንደማይገኝ ነገረኝ። ሰጠሁት። እሱም ከቆመ የጭነት መኪና የወጣ ንብርብር ቆርጦ፣ አግሎ፣ ልኩን አውጥቶ አሰረልኝ፤ ያም ብረት እስከ ቤቴ አደረሰኝ። ያለቁት ጎማዎቼ መርካቶ ሄደው በረባሶ ሆነዋል።

ባለፈው ሐምሌ፣ ቀብሩ ያመለጠን ሰው ሙት ዓመት ሲደርስ፣ ወደዚያ የበቾ መንደር ተመለስን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። ጥቁሩ አፈር ከመጀመሩ በፊት፣ ገና መሬቱ ጠንካራ ሳለ፣ አቆምኩና ወረድኩ። የቀኙን አዞርኩ፤ በፊት በኩል ዞሬ ሄጄ የግራውን በሁለት ጣት ያዝኩት። ቀጭ ብሎ ገባ። አክስቴ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ታየኝ ነበር። አጭሩን ዘንግ ሳብኩ፤ የፊት ጎማዎቹ ጭቃውን ሲነክሱ መሪው ላይ ተሰማኝ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳልለቅ ሳላበዛ፣ ባለፈው የተቀረቀርንበትን ቦታ አለፍን። ቅዳሴው ሳይወጣ ደረስን።